ሳምንት የሌላት ቀን

በሠላሳ ሦስተኛው ሳምንት፣ ቀን አንድ፣ ናርዶስ ቤቷ ስትገባ በርጩማው ከበሩ ጀርባ ነበር። እሷ ራሷ ትታው የሄደችበት ቦታ ማለት ነው። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ በሩን ይዛ ቆመች። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ባኖረበት ሲያገኘው ደስ ይለዋል። ናርዶስ ግን ልቧ ድንግጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ የእሷ ብቻ አይደለም። እዚያ ከተማ ውስጥ የአንድ ሰው የሚባል ቤት ከቀረ ቆይቷል። መጀመሪያ መብራቱ በፈረቃ ሆነ፤ ቀጥሎ ውሃው፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ። መኪናው በሙሉ ቁጥርና በጎዶሎ ቁጥር ታርጋ ተራ ገብቶ ሲወጣ ሰው ሁሉ ለመደው። በመጨረሻ ሰዉ ራሱ ታርጋ ወጣለት። ዓመቱ ሃምሳ ሁለት ሳምንት ነው፤ በጎዶሎ ሳምንት ቤቱ የናርዶስ ነው፣ በሙሉ ሳምንት የሌላ ሴት። ሙሉው ሳምንት ሲገባ ናርዶስ ከተማው ዳር ወዳለው የዘር ጣቢያ ትሄዳለች። እንደ እሷ ካረጁ ሴቶች ጋር ሽምብራና ምስር ስትለቅም ትውልና አዳራሽ ውስጥ ታድራለች። ሳምንቱ ሲያልቅ ትመለሳለች፤ ያቺኛዋ ደግሞ በተራዋ ወደ ሥራዋ ትወጣለች። በቀን አንድ ጠዋት አንዷ ትወጣለች፣ አጣቢዎች ዕቃ ሳይነኩ ወለሉን አጥበው ይሄዳሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ሌላዋ ትገባለች። አይገናኙም። እንዳይገናኙ ተደርጎ ነው የተሠራው።

የወር ስም ከሰው አፍ ጠፍቷል። መስከረም፣ ጥቅምት የሚል ሰው ቢገኝ እንደ ናርዶስ ጥርሱን የጨረሰ ነው። ልጁ "በሃያኛው ተወለድኩ" ይላል፤ ሠርገኛው "ለአርባ አንደኛው ጠርተውናል" ይላል። ሙሽሮቹ ጎዶሎ ከሆኑ ሙሉ የሆነ ዘመድ አይመጣም፣ የሚቀየምም የለም። እሑድ ራሷ ቦታ አጥታ ትንከራተታለች፤ አምና ቀን አራት ላይ ነበረች፣ ዘንድሮ ቀን ሦስት ላይ ናት። ደወሉን የሰማ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ያልሰማ ሥራውን ይሠራል።

ናርዶስ ፊደል አልቆጠረችም። ቁጥር ግን ታውቃለች፤ ከቁጥር በቀር ምን የሚነበብ ነገር ቀረና። ያልወደደችው "ጎዶሎ" መባሉን ብቻ ነው። ጣቢያው ውስጥ አንዲት ልጅ እግር አለቃ "ጎዶሎዎች፣ ወደዚህ" ብላ ስትጣራ፣ "የጎደለብኝ ነገር ካለ ንገሪኝና ልፈልገው" ብላታለች። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ በእጇ ነው የምትጠራት።

ባል ነበራት። እሱ ሙሉ ሳምንት ሲደርሰው እሷ ጎዶሎ ደረሳት። አንድ ላይ እንዲያደርጓቸው አመለከቱ። መልሱ ሳይመጣ እሱ ሞተ፤ መልሱ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይል እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም። ልጅ የላትም። ጎረቤቶቿ በሳምንታቸው ገብተው በሳምንታቸው የሚወጡ፣ ሰላምታ ላይ የሚቸኩሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ናርዶስ የምታወራው ከዚያች አይታት ከማታውቃት ሴት ጋር ነው። ስሟን ስለማታውቅ "ሙሊት" ትላታለች።

ሙሊትን የምታውቃት በበርጩማው ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ አለ። ናርዶስ በርጩማውን ከበሩ ጀርባ ታኖረዋለች፤ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታወልቅበታለች፣ ምክንያት አላት። ሙሊት መስኮቱ ሥር ትወስደዋለች። ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ ከመስኮቱ የሚታየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። ናርዶስ ስትገባ መስኮት ሥር ታገኘዋለች፣ "አይ ይቺ ሴትዮ" ብላ ትመልሰዋለች። ስትወጣ ከበሩ ጀርባ ትተወዋለች። ስትመለስ መስኮት ሥር ነው። የጨው ዕቃውም ነገር አለ፤ ሙሊት ክዳኑን እንደ ጠላት አንገት አንቃ ነው የምትዘጋው፣ ናርዶስ በጨርቅ ይዛ ታግላ ትከፍተዋለች። ሆን ብላም አላልታ ትተወዋለች። መስኮቱ ላይ ያለችውን ጤና አዳም ግን ሁለቱም ያጠጧታል። በጤና አዳም ተጣልተው አያውቁም።

እንግዲህ በዚያ ቀን በርጩማው ከበሩ ጀርባ፣ የጨው ዕቃው ክዳን እንደላላ፣ አልጋው ናርዶስ ባነጠፈችው እጥፋት እንዳለ። ጤና አዳሟ ጫፏ ጠውልጓል። ሙሊት አልገባችም።

"ደግ ሆነ። አንድ ሳምንት እንኳ ጨዌን ሳልታገል ልብላ" አለች ናርዶስ። ድምጿ ባዶው ቤት ውስጥ ለራሷም ጎረበጣት።

በሠላሳ አምስተኛውም እንደዚያው ሆነ። በሠላሳ ሰባተኛውም። በርጩማውን ራሷ አንስታ መስኮት ሥር ልታደርገው አሰበችና እጇ እምቢ አላት። የሰው ሥራ ነው፤ ባለቤቷ ትሥራው።

የሕንፃው ዘበኛ ተካልኝ ሁለቱንም ሳምንት ይሠራል። ናርዶስ ምግቧን ይዛ ወርዳ ጎጆው ፊት ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

"አንተ ተካልኝ፣ የእኔ ሙሊት የት ገባች?"

"ማን ሙሊት?"

"ቤቱን የምትጋራኝ።"

"እማማ ናርዶስ፣ የሙሉ ሳምንትን ነገር ለጎዶሎ እንድናወራ አልተፈቀደም። እንጀራዬን ነው የሚያሳጡኝ።"

"አትንገረኛ። እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ። አንተ ስታንቀላፋ አይሃለሁ፤ አለቃህ ሲመጣ ደግሞ ያየሁትን አወራለታለሁ። እኔ የሥራ ሰዓት የለኝም።"

ተካልኝ ግራ ቀኙን ቃኘ። "በሠላሳ ሁለተኛው ስትመጣ ደረጃው ላይ ወደቀች። በሩ እንኳ ሳትደርስ። በቃሬዛ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ማገገሚያ ወሰዷት።"

"ምን ሆና?"

"እኔ ሐኪም ነኝ?"

"ወድቃ አንስተሃታል ወይስ ደንቡን ስታነብ ቆየህ?"

"ኧረ አንስቻታለሁ፣ እማማ። ተናድዳብኛለች እንዲያውም። 'ቀሚሴን ልቀቅ' ብላ።"

ናርዶስ ጉርሻዋን ዋጠች። "ምን ዓይነት ሰው ናት?"

"እንደ እርስዎ ናት።"

"ምኗ?"

"ምላሷ። በገባች ቁጥር 'ያቺ በርጩማ ጎታች ደህና ናት?' ትለኛለች። ደህና ናት እላታለሁ። 'እንግዲያ ለምን አትተወውም' ትልና ትወጣለች።"

"እኔን ነው ጎታች የምትል?" ናርዶስ ተነሳች። ደረጃውን ስትወጣ ግን ጉልበቷ ቀለል ብሏት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ስለ እሷ የሚጠይቅ ሰው እንደነበረ አላወቀችም።

በማግስቱ ወረዳ ሄደች። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ የሺእመቤት ትባላለች፤ የዛሬ ልጆች ስም ተመልሶ የጥንቱ ሆኗል፣ እነ ናርዶስ የአሮጊት ስም ሆነው ቀርተዋል። ልጅቱ ፊት ለፊቷ ያለውን ብርሃን ነካ ነካ አደረገችና፣ "የቤትዎ ሙሉ ወገን ወይዘሮ ኤልሻዳይ ናቸው። ሳምንታቸው እንደተያዘ ነው" አለች።

"በሕይወት አለች?"

"ሳምንቱ ተይዟል።"

"ልጄ፣ ስለ ሳምንቱ አልጠየቅኩሽም።"

"እናቴ፣ እኔ የሚታየኝ ሳምንቱ ነው።" ልጅቱ ብርሃኑን እንደገና ነካች። "አይጨነቁ። አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ በሁለተኛው ሳምንት መጥተው እጃቸውን በሩ ላይ ካላሳረፉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ባዶ አይሆንብዎትም። ወጣት ልትሆንም ትችላለች፣ ቤት በደንብ የምትይዝ።"

"ቤቱማ ተይዟል። ልጠይቃት ነው የምፈልገው። የታመመ መጠየቅም በፈረቃ ሆነ?"

"በሙሉ ሳምንት ሙሉዎቹን መጠየቅ ይቻላል።"

"በሙሉ ሳምንት ጣቢያ ነኛ።"

"አዎ። በጎዶሎ ሳምንት ደግሞ የሚጠየቁት ጎዶሎ ሕመምተኞች ናቸው።" ልጅቱ ይህን ስትል ክፋት አልነበረባትም። ዛሬ ደመና ነው እንደማለት ነበር። "ሌላ የምረዳዎት አለ?"

ናርዶስ ወጥታ አስፋልቱ ዳር ቆመች። ኤልሻዳይ። ስሙን በአፏ አገላበጠችው፤ ሙሊት ይሻላል አለች በሆዷ። ከዚያ ጳጉሜን አሰበች።

ሃምሳ ሁለቱ ሳምንት የዓመቱን ቀን ሁሉ አይበሉትም። መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ይተርፋል፤ በናርዶስ እናት አነጋገር ጳጉሜ አምስት። ዓመቱ የሉቃስ ሲሆን ሁለት ይተርፋል፣ ይሄኛው ግን የማርቆስ ነበር። ወረዳው ትርፍ ቀን ይላታል። ለየትኛውም ሳምንት አልተሰጠችም፤ አውቶቡስ አይሄድባትም፣ ሱቅ አይከፈትባትም፣ የቤት በር ለማንም እጅ አይታዘዝባትም። ሰው ሃምሳ ሁለተኛው ሳምንት ባለቀበት ይቀራል፣ ተከናንቦ ይተኛል። አትውጣ ያለው የለም። ቁጥር የሌላት ቀን ስለምታስፈራው ነው። ናርዶስም እስከዚያ ዓመት ድረስ ስትተኛባት ኖራለች።

ቀኗ ስትመጣ ናርዶስ ከጣቢያው ምሳ ያጠራቀመቻቸውን ብርቱካኖች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። አዳራሹ ውስጥ ብርድ ልብሱ ሁሉ ጉብታ ጉብታ ሆኖ ተኝቷል። ከአንዱ ጉብታ አንዲት ራስ ብቅ አለች።

"ወዴት ነሽ?"

"ሰው ልጠይቅ።"

"ዛሬ? ዛሬ እኮ ቀን አይደለም።"

"ታዲያ ማን ያየኛል" አለችና ወጣች።

ዝናቡ ደቃቅ ነበር። ልጅ ሳለች እናቷ በጳጉሜ ዝናብ ራቁቷን ታቆማት ነበር፣ ጠበል ነው እያለች። አሁን መንገዱ ላይ የሚጠመቅ ቀርቶ የሚጠለል ሰው የለም። ፎቆቹ መጋረጃቸውን ዘግተዋል። የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንድ ውሻ ተቀምጧል፤ ቀኑን እሱ ብቻ አላወቀም። ናርዶስ ከጣቢያው እስከ ማገገሚያው በእግሯ ስትሄድ ያገኘችው ሕያው ነገር ያ ውሻ ነው።

የማገገሚያው በር ላይ አንድ ሽማግሌ አስታማሚ ያንጎላጃል። "ሳምንትዎ?" አለ በእንቅልፍ ልቡ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። "ለካ ዛሬ ሳምንት የለም። ማንን ነው?"

"ኤልሻዳይን። ሙሉ ናት።"

"ወጥታለች።"

ናርዶስ የነጠላዋን ቋጠሮ ጨበጠች። "መቼ ቀበራችኋት?"

"ኧረ በእግሯ ወጥታለች ነው የምልዎት። ምርኩዝ ይዛ። ጠዋት። 'ቤቴን ልይ' አለች። ዛሬ በር አይከፈትም እኮ ብዬ ለመንኳት። 'ከበሩ ውጭ የምፈልገው ሰው አለ' አለችኝ። 'ያቺ ሴትዮ ግትር ናት፣ ዛሬን ሳትመጣ አትቀርም' አለች።"

"በየት በኩል ሄደች?"

"አላየሁም። እርስዎ ነዎት እንዴ ግትሯ?"

"እሷ ናት ግትሯ" አለች ናርዶስ። "አልጋዋን አሳየኝ።"

አልጋው በሥርዓት ተነጥፏል። ከጎኑ ያለው ወንበር ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ መስኮት ሥር ተጎትቷል። የናርዶስ እጅ ሊመልሰው ተነሳና መሃል ላይ ቀረ። ብርቱካኖቹን ወንበሩ ላይ ደረደረቻቸው። "አንተ እንዳትበላባት፣ አየሁህ" አለችው አስታማሚውን፤ ገና አልነካቸውም ነበር።

ከዚያ ወደ ቤት። የምታውቀው የአውቶቡሱን መንገድ ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በእግሯ ሄዳበት አታውቅምና ወንዙን በአቋራጭ የሚሻገር የእግር መንገድ መኖሩን አልሰማችም። በትልቁ ድልድይ ዞረች። በየሳምንቱ ቀን አንድ የወጪውና የገቢው አውቶቡስ እዚህ ድልድይ ላይ ይተላለፋሉ፤ ናርዶስ ሁልጊዜ ወደዚያኛው መስኮቶች አፍጥጣ ታያለች፤ ከእነዚያ ፊቶች አንዱ የሙሊት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን የሚነግራት የለም። አሁን ድልድዩ ባዶ ነው። መሃሉ ላይ ስትደርስ ዝናቡ አባራ። ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት የድልድዩን ብረት ይዛ እያረፈች ሄደች፤ ስታርፍ ራሷን ትሰድባለች፣ ስትሄድ ሙሊትን።

ሕንፃው ጋ ስትደርስ ጀምበር ዘቅዝቃለች። ተካልኝ ጎጆው ውስጥ ተሸፋፍኖ ያንኮራፋል። ደረጃውን ወጣች። ኮሪደሩ በአንድ በኩል ክፍት ስለሆነ ዝናቡ ረጭቶት ከዳር እስከ ዳር እርጥብ ነው።

በሩ ፊት ማንም አልነበረም።

ከበሩ ሥር ግን፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አንድ ደረቅ ቦታ አለ። ሰው ዝናቡ እስኪያባራ የተቀመጠበት ቦታ። ከጎኑ ምርኩዝ የተጋደመበት ቀጭን ደረቅ መስመር። ከዚያ ወደ ደረጃው የሚሄድ ጭቃ የነካው የእግር ዱካ፣ አንዱ እግር የሚጎተት።

ናርዶስ ቆማ አየችው። ተካልኝን ቀስቅሳ ልትጠይቀው አሰበች፤ ምን ብላ ትጠይቀዋለች። ነጠላዋን ሰብስባ ደረቁ ቦታ ላይ ቁጭ አለች። ሰፋት። በግራም በቀኝም ተረፋት። "ለካ ሰፊ ሴት ናት" አለች። ስለ ሙሊት ሰውነት ያወቀችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ሌላው ወለል ሲደርቅ፣ የእሷ ቦታ ከየትኛው እንደሚጀምር መለየት እስኪያቅታት ድረስ እዚያው ተቀመጠች፤ እዚያው አነጋች።

አንደኛው ሳምንት ገባ፤ እንቁጣጣሽ መሆኑ ነው። እኩለ ቀን ላይ በሩ እጇን ተቀብሎ ተከፈተ። ሳምንቱን እንደ ሁልጊዜው ኖረች። ሊወጣ ሲል፣ የመጨረሻው ቀን ላይ፣ በርጩማውን አነሳችና መስኮቱ ሥር ወሰደችው። እግረ መንገዷን ተቀመጠችበት። ቆሞ ለሚያይ ግድግዳ ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ ግን ከግድግዳውና ከቀጣዩ ሕንፃ መሃል ጣት የምታህል ክፍተት አለች፤ በክፍተቷ ድልድዩ ይታያል፣ ድልድዩ ላይ ሰው ሲያልፍ። ናርዶስ ብዙ ቆየች። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ቦታ ነበር የቀማቻት።

ስትወጣ በርጩማውን እዚያው ተወችው። የጨው ዕቃውንም ክዳን ሲጥ እስኪል ድረስ አጥብቃ ዘጋችው፤ ሙሊት ከመጣች በለመደችው መንገድ ታግኘው። ካልመጣች፣ አዲሷ ወጣት ትታገለው።

ሁለተኛው ሳምንት ጣቢያው ውስጥ አላልቅ አለ። ምስሩን ስትለቅም ጠጠሩን እያስቀረች ምስሩን ትጥላለች። ልጅ እግሯ አለቃ መጥታ አየችና ሄደች። ናርዶስ በሆዷ የምታየው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን ስትከፍት በርጩማው መስኮት ሥር እንደተወችው ካለ፣ ወይም አልጋው ላይ የማታውቀው ትራስ ካገኘች፣ ሙሊት አበቃላት። ከሌላ ሰው ጋር እንደገና ትጀምር ዘንድ ዕድሜም ትዕግሥትም የላትም።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ቀን አንድ፣ አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ወጣ። የወንዙ ዳር አደይ አበባ ለብሷል፤ መስቀል ሊገባ ነው፣ የሚለው ሰው ባይኖርም። ያኛው አውቶቡስ መጣ። መስኮቶቹን እንፋሎት ሸፍኗቸዋል። በአንዱ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት አየች መሰላት፤ መዳፏ መስታወቱን ሲጠርግ አየች መሰላት። ተላለፉ።

ደረጃውን ስትወጣ ተካልኝን ልትጠይቀው ትችል ነበር። አልጠየቀችውም። ዓይኑን እንኳ አላየችውም። እጇን በሩ ላይ አሳረፈች።

በርጩማው ከበሩ ጀርባ ነበር። ልክ እሷ በምትወደው በኩል፣ አንዱ እግሩ ግድግዳውን አስነክቶ። ጫማ ለሚያወልቅ ሰው።

የጨው ዕቃውን ነካችው። ክዳኑ ላላ ብሎ ተቀምጧል። ጤና አዳሟ ውሃ ጠጥታለች፤ ከሥሯ አፈሩ ላይ ሁለት የብርቱካን ዘር ተተክሎ ጫፉ ብቅ ብሏል።

"አይ ይቺ ሴትዮ" አለች ናርዶስ።

በርጩማው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ተነሳችና ወደ መስኮቱ ጎትታ መለሰችው፤ በደግነት ደግሞ ትብለጠኝ እንዴ። ከክፍተቷ ድልድዩን እያየች ማሰብ ጀመረች። የገባው ዓመት የሉቃስ ነው። መጨረሻው ላይ ሁለት ቀን ይተርፋል። በአንደኛው ቀን እንደ አምናው ሲተላለፉ ቢውሉ፣ ሁለተኛዋ አለች፤ በዚያችኛዋ ግን አንዷ መሄዷን ትታ ቁጭ ማለት ይኖርባታል። ማን ቁጭ ትበል የሚለውን ለመነታረክ ደግሞ ገና ሃምሳ ሳምንት አላቸው።